በሙሉ ድምፅ የተወጣ ጉብታ

ሊያንደር ስትራውድ ጄኔራል ከመሆኑ በፊት የሕዝብ እንደራሴ ነበር፤ እንደራሴ ከመሆኑ በፊት ጠበቃ ነበር፤ ጠበቃ ከመሆኑ በፊት ምን እንደነበር ግን እሱም አፍታቶ አይናገርም፣ እኛም የቴልማን አውራጃ ሰዎች ደጎች ስለሆንን አንጠይቀውም። በእኛ አሜሪካ፣ በደቡብ ኢንዲያና፣ ሰው የሚለካው ዛሬ ቆሞ በሚናገረው እንጂ ትናንት በሸጠው በቅሎ አይደለም። በቅሎዋ በማግስቱ ብትሞትም እንኳ።

አንድ ተሰጥኦ ነበረው። አንዴ የጨበጠውን ሰው ስም አይረሳም። ስሙን ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ የውሻውን ስም፣ የትኛውን ጉልበቱን እንደሚቆረጥመው፣ ከየትኛው ወንድሙ ጋር በአጥር ተጣልቶ እንደተኳረፈ ሁሉ ያውቃል። ከስንት ዓመት በኋላ መንገድ ላይ ያገኝህና፣ "ያ ግራ ጉልበትህ እንዴት ሆነ?" ይልሃል። ምን ታደርገዋለህ? ትመርጠዋለህ። የሴቶችን ስም ግን አንድም ቀን ይዞ አያውቅም። ሴት ድምፅ አትሰጥም፤ እሱ ደግሞ ጭንቅላቱን በማይጠቅም ነገር የሚሞላ ሰው አልነበረም። "ባለቤትህስ ደህና ናት?" ካለ ይበቃዋል።

የሰሜንና የደቡብ ጦርነት ሲፈነዳ ዋሽንግተን ላሉት ትልልቅ ሰዎች አንድ ነገር ገባቸው። ጦር ትምህርት ቤት የተማረ መኮንን ሰው ማሰለፍ ያውቃል፤ የሚሰለፈውን ሰው ማምጣት ግን አያውቅም። ሰው የሚያመጣው አፈኛ ነው። ስትራውድም የኮንግረስ ወንበሩን ትቶ መጣና ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ በሬ አስጠበሰ፣ ከበሮና ጥሩምባ አስመታ፣ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ተናገረ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አውራጃችን አንድ ሙሉ ሬጅመንት ጦር አወጣ። ግማሹ የፈረመው አገር ለማዳን ነው፤ ግማሹ ደግሞ ጎረቤቱ ሲፈርም ስላየ ነው።

በዚያን ጊዜ ወዶ ዘማች አለቃውን የሚመርጠው ራሱ ነበር። እጅ ይወጣል፣ ይቆጠራል፣ በቃ። ወፍጮ ቤት ያለው ሰውዬ ሻምበል ሆነ፣ እሱን ማስቀየም የሚፈልግ አልነበረምና። ስትራውድ ያለ ተቀናቃኝ ኮሎኔል ሆነ፤ ትንሽ ቆይተው ኮንግረስ ያሉ ወዳጆቹ ትከሻው ላይ የጄኔራል ኮከብ ሰፉለት። ስለ ጦርነት የምታትት አንዲት መጽሐፍ ነበረችው። እስከ እኩሌታዋ አንብቧታል። የመጀመሪያው እኩሌታ ስለ ማጥቃት ነው፤ ስለ ማፈግፈግ የሚናገረው ከዚያ ወዲያ ነው የሚመጣው።

ፈሪ ግን አልነበረም። ይህን ጠላቶቹም ይመሰክሩለታል። ጥይት በጆሮው ሲያፏጭ ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ ሰላም የሚል ሰው ነበር፣ ከልማድ የተነሳ።

ቴነሲ ውስጥ የኮልተር ጉብታ የሚባል ቦታ አለ። አናቱ ላይ አንድ የተጎሳቆለ ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር ደግሞ ጠላት ነበር። አንድ ቀን ከበላይ አዛዡ ለስትራውድ ትእዛዝ ደረሰው፤ "ሁኔታው ከፈቀደ ጉብታውን ያዝ" ይላል። ስትራውድ ይህን ዓይነት ዓረፍተ ነገር ያውቀዋል፤ ዕድሜውን ሙሉ ራሱ ሲጽፈው ኖሯል። ትርጉሙም፣ ከተሳካ እኔ አዝዤ ነው፣ ካልተሳካ አንተ ነህ ማለት ነው። ሊጽፈው እንጂ ሊቀበለው አልለመደም ነበር፤ ወረቀቱን ይዞ ብዙ ቆመ።

ከዚያ የሚያውቀውን አደረገ። ስብሰባ ጠራ።

የአውራጃውን ሬጅመንት ከጫካው ጀርባ፣ ከመንገዱና ከወንዙ መካከል ባለ ረባዳ ላይ ሰበሰበና ንግግር አደረገ። ለእሱ አጭር ነበር። "የነፃ አገር ልጆች ናችሁ" አላቸው፤ "እንደ ከብት አልነዳችሁም። እንውጣ የምትሉ ወደ መንገዱ፣ አንውጣ የምትሉ ወደ ወንዙ።" የበታች መኮንኖቹ እርስ በርስ ተያዩ። ወታደሩ ግን አልገረመውም። አለቃውን በድምፅ የመረጠ ሰው ጉብታ ላይ በድምፅ ቢወጣ ምን ይገርመዋል? ጎረቤትህ፣ አማችህ፣ የትምህርት ቤት ጓደኛህ ቆመው እያዩህ ወደ ወንዙ መሄድ ግን ቀላል እንዳይመስላችሁ። ያም ሆኖ ብዙዎች ሄዱ። ሻምበል አልቫ ቴትሎው፣ የጄኔራሉ ረዳት፣ በመሃል እየተመላለሰ ቆጠረ። መንገዱ በጥቂት ሰው በለጠ።

ያኔ ከወንዙ በኩል አንድ ሃምሳ አለቃ ብቅ አለ። ከመቆጠሩ በፊት፣ "እዚያ ላይ ካንድ ዛፍ በቀር ምን አለና ነው?" ብሎ ሲከራከር የነበረው እሱ ነው። አሁን ግን ባርኔጣውን አወለቀና ውሳኔው በሙሉ ድምፅ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። በእኛ አገር ስብሰባ ወጉ ይኸው ነው፤ የተሸነፈው ወገን ቂም እንደሌለው ለማሳየት ተነስቶ ድምፁን ካሸነፈው ጋር ይደባልቃል፣ ሁሉም ያጨበጭባል፣ ሁሉም ወደ ምሳው ይሄዳል። ያን ቀንም ሁሉም አጨበጨበ። ከዚያ ሁሉም ወደ ጉብታው ሄደ። ሃምሳ አለቃው አልተመለሰም፤ ከመንገዱም ከወንዙም በኩል ብዙዎች አልተመለሱም። በማግስቱ ጠዋት ጠላት በራሱ ምክንያት ጉብታውን ለቆ ሄደ።

ጄኔራሉ ከጦርነቱ መልስ ይህን ታሪክ በየአደባባዩ ይናገረው ጀመር። "በዓለም ላይ በድምፅ ብልጫ ጉብታ የወጣ ጦር የኛ ብቻ ነው!" ይላል፤ ሰው ያጨበጭባል። "እኔ አላዘዝኳቸውም፤ ራሳቸው ወሰኑ!" ሲል ደግሞ ድምፁ ከሌላው ጊዜ ከፍ ይላል። የሃምሳ አለቃውን ስም ግን አይጠራም። ሃምሳ አለቃው የክሊፍቲ ወረዳ ልጅ ነበር፤ ወላጆቹ በሕይወት አሉ።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ጄኔራሉ የኮንግረስ ወንበሩን መልሶ ሊይዝ ተነሳ። ሌላው ተፎካካሪ ባስኮም የሚባል ጠበቃ ነው፤ ጦርነቱን ያሳለፈው ወገቡን ታምሞ ነው፣ ወገቡም ሰላም በወረደ በሳምንቱ ተሻለው። የፓርቲው ጉባኤ ሲቃረብ ሌሎቹ ወረዳዎች ለሁለቱ እኩል ተከፍለው ክሊፍቲ ብቻ ቀረች። ክሊፍቲ ደግሞ የምትሄደው ሆሴያ ፍሌክ ወደ ሄደበት ነው። ሆሴያ ሀብታም አይደለም፣ አፈኛም አይደለም። ግን ወገኑ በተሸነፈ ቁጥር ከወንበሩ ተነስቶ፣ "ውሳኔው በሙሉ ድምፅ እንዲሆን ሐሳብ አቀርባለሁ" የሚል እሱ ነው፤ ከስንት ዘመን ጀምሮ። ያሸነፈውም የተሸነፈውም ይወደዋል። በጉብታው ላይ የቀረው ሃምሳ አለቃ ኢራ ፍሌክ ልጁ ነው፤ አንድ ልጁ።

ጄኔራሉ ቤታቸው ሄዶ አያውቅም ነበር። አሁን ግን ሽማግሌው መልእክት ላከበት፤ "እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ ብላ። ባለቤቴ አንዲት ጥያቄ አለቻት። እሷን ከመለስክላት ክሊፍቲ ያንተ ናት።"

እሑድ ዕለት ጄኔራሉና ቴትሎው በጋሪ ተነሱ። ቴትሎው ከጦርነቱ በኋላም ከጄኔራሉ አልተለየም፤ ወንበሩ ሲገኝ የከተማችን ፖስታ ቤት ኃላፊ ሊሆን ቃል ተገብቶለታል። መንገድ ላይ ያሉት ገበሬዎች ደግሞ የምርጫ ሰው አይለቁም። "በሞቴ ጄኔራል፣ ሳይቀምሱማ አያልፉም!" እያሉ ሁለት ቤት አስገብተው አበሏቸው። የአንዱን ቤት ኬክ እምቢ ብሎ የሌላውን የበላ ተመራጭ ወረዳውን ይርሳው። ጄኔራሉ የሱሪውን የላይኛውን ቁልፍ ፈቶ ተቀመጠ።

"ምን ብላ ነው የምትጠይቀኝ?" አለ።

"እኔ ምን አውቄ" አለ ቴትሎው። "አንዲት ጥያቄ ነው ያሉት።"

"ስለ ልጁ ነው።"

"ስለ ጎመን አይሆንም መቼም።"

"ወደ የት ቆመ ነው የምትለው። ወደ መንገዱ ነው፣ ወደ ወንዙ።"

"ይመስለኛል።"

"የትኛውን መስማት የምትፈልግ ይመስልሃል?"

ቴትሎው በቅሎዋን ቸብ አደረጋት። "እውነቱን ቢነግሯትስ?"

"እሱማ ሌላው ሁሉ አልሠራ ሲል ነው" አለ ጄኔራሉ። በጣቱ ይቆጥር ጀመር። "ወደ መንገዱ ብላት፣ ልጄ ጀግና ነው ትላለች። ወይም ደግሞ፣ ሊሞት ፈልጎ ጥሎኝ ሄደ ትላለች። ወደ ወንዙ ብላት፣ ልጄ ብልህ ነበር ትላለች። ወይም ደግሞ፣ ሳይወድ ወስደህ አስገደልከው ትለኛለች።"

"ሁለት ለሁለት ናቸው።"

"ሰውየው የሚወደውን ሳላውቅ የገባሁበት ቤት የለም እኮ፣ ቴትሎው!"

"ሰውየው አይደለማ አሁን። ስሟን ያውቁታል?"

ጄኔራሉ የቀረውን መንገድ የሰው በቆሎ እያየ ሄደ።

ሆሴያ ፍሌክ በር ላይ ቆሞ ጠበቃቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሽማግሌ ነው። እጃቸውን ጨብጦ አስገባቸው። ሚስቱ አጠር ያለች ሴት ናት፤ ባርኔጣቸውን ተቀብላ ሰቀለች፣ ወንበር አሳየቻቸው፣ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ጠረጴዛው ላይ የአሳማ ሥጋ፣ ባቄላ፣ የበቆሎ ዳቦና አሬራ ነበር። ሆሴያ ጸሎት አደረሰና ቶሎ ብሎ ስለ አሳማ በሽታ ይናገር ገባ። እንዲህ ሲያወራ ሰምተነው አናውቅም። የማን አሳማ እንደታመመ፣ የማን እንደሞተ፣ የትኛው መድኃኒት እንደማይሠራ አንድ በአንድ አወራ። ጄኔራሉም የየአሳማውን ባለቤት በስም እየጠራ አገዘው።

"ሆሴያ" አለች ሚስቱ፣ "አሳማው ይቆይ።"

"እሺ፣ ጣቢታ።"

ሴትዮዋ እጇን በሽርጧ ጠረገች። "ጄኔራል፣ ቀጥ ብዬ ልጠይቅዎት። የዚያን ቀን ልጄ ወደ የት ነው የቆመው? ከዚያ የተመለሱትን ሁሉ ጠይቄያለሁ። አንዱ ጭስ ነበር ይለኛል። ጥይት ሳይተኮስ የምን ጭስ ነው? ሌላው ጎንበስ ብዬ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር ይለኛል። ሦስተኛውም ጫማ እያሰረ ነበር። ሁሉም ጫማ እያሰሩ ነበር! ከዚያ ሁሉ ወታደር ቀና ብሎ ያየ አንድ ሰው የለም?"

ቢዋሿትም አይፈረድባቸውም። ወደ መንገዱ የቆመው ሰው ዛሬ የሚኖረው ወደ ወንዙ ቆሞ ከሞተው ልጅ ቤት አጠገብ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ከእናቲቱ ጋር ደህና አደርሽ ይባባላሉ።

ጄኔራሉ ፊቷን አየ። ዕድሜውን የሰው ፊት ሲያነብ የኖረ ሰው ነው፤ ዛሬ ግን ምንም አላገኘም። ሆሴያን ቢያይ ሆሴያ ባቄላውን ያያል። ቴትሎውን ቢያይ ቴትሎው ጣራውን ያያል። ምንም የሚይዘው ሲያጣ እውነቱን ተናገረ።

"ወደ ወንዙ" አለ።

ሴትዮዋ ለረጅም ጊዜ ይዛው የኖረችውን ትንፋሽ ለቀቀች። "አውቄ ነበር" አለች። "ነገር ሳያይ ዘሎ የሚገባ ልጅ አልነበረም የኔ ልጅ። ብሏችኋላ! አይሆንም ብሏችኋላ!"

"በደንብ አድርጎ ነው ያለን፣ እመቤቴ።"

የሥጋውን ሳህን ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት። "ይብሉ እንጂ። ምንም አልበሉም እኮ።" ጄኔራሉ ሁለት ቤት የበላውን ረስቶ ቆረጠ። ክሊፍቲ ኪሱ ገባች። ቴትሎውም በሐሳቡ ፖስታ ቤቱ ውስጥ ገብቶ ምድጃው አጠገብ ተቀምጧል።

"ታዲያ ወደ ወንዙ ከቆመ" አለች ጣቢታ፣ "ለምን ወጣ?"

ጄኔራሉ አፉ ውስጥ ያለውን ዋጠ። ይህን ጥያቄ ይወደዋል፤ በየንግግሩ ሰው የሚያጨበጭበው እዚህ ላይ ነው። ቀኝ እጁ ራሱ ከፍ አለች። "እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የልጅዎ ትልቅነት! መንገዱ አሸነፈ ሲባል ባርኔጣውን አወለቀ። ቂም የለ፣ ማኩረፍ የለ። ከሁሉ ፊት ቆሞ፣ 'ወንድሞች፣ ውሳኔው በሙሉ ድምፅ እንዲሆን ሐሳብ አቀርባለሁ' አለ!"

እዚያ ላይ የሆሴያ ሹካ ከሳህኑ ጋር ስትጋጭ ሰማ። ዓረፍተ ነገሩ ግን ከአፉ ወጥቶ አልቋል።

ጣቢታ ወደ ጄኔራሉ አላየችም። "ሆሴያ" አለች።

ሽማግሌው ቀና አላለም።

"ይህን ነገር ልጁ ከየት ነው ያመጣው?"

"ጣቢታ..."

"እኔ ነኝ የምጠይቅህ።"

"ከኔ" አለ ሆሴያ።

"ገና ጥርሱን ሳይነቅል ትከሻህ ላይ አስቀምጠህ በየስብሰባው ስትወስደው፣ ተው ልጁ ይተኛበት አልኩህ። ቤት መጥቶ ዶሮዎቹ ፊት ይለው ነበር። 'በሙሉ ድምፅ እንዲሆን' እያለ። አንተ ደግሞ ትስቅ ነበር።" ድምፅዋን አላነሳችም፤ ብታነሳ ይሻል ነበር። "እዚያ ወንዝ ዳር ደህና ቆሞ ነበር እኮ፣ ሆሴያ። አንተ ነህ ያነሳኸው።"

ሆሴያ የጄኔራሉን ንግግር ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ከሰማ ስንት ጊዜው ነው፤ ያ ስሙ የማይጠራው ሃምሳ አለቃ ማን እንደሆነ ያኔውኑ አውቋል። ይዞት ኖሯል እንጂ ለሚስቱ አልነገራትም።

ጄኔራሉ እዚህ ቤት ሲገባ የፈራው አንድ ነገር ነበር፤ እነዚህ ሰዎች፣ አንተ ነህ የገደልክብን ይሉኛል ብሎ ነበር። አሁን አንዳቸውም አያዩትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲመኘው የኖረውን አገኘ፤ ጥፋቱ ከእሱ ወርዶ ሌላ ሰው ላይ ተቀመጠ። ባርኔጣውን ቢያነሳና ቢወጣ ክሊፍቲ የእሱ ናት፤ ሆሴያ ፍሌክ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለም። እነዚህ ሁለት ሽማግሌዎች ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ብቻቸውን ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፣ እስኪሞቱ። ሹካውን አስቀመጠ።

"ወይዘሮ ጣቢታ" አለ፤ "ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህ አሁን የነገርኩዎት የንግግሬ ነው።"

"የምን ንግግር?"

"በየአደባባዩ የምለው ማለቴ ነው። የሆነው ሌላ ነው።"

አሁን ዞራ አየችው።

"ወደ ወንዙ የቆሙት ይበልጡ ነበር" አለ ጄኔራሉ። "በዓይኔ አየሁ። እኔ ግን ጉብታውን ፈልጌው ነበር፤ ጉብታ የያዘ ጄኔራል ምን እንደሚሆን እርስዎም ያውቃሉ። መንገዱ አሸንፏል ብዬ አወጅኩ። ኢራ ተቃወመ። 'እንደገና ይቆጠር' አለ። ዝም በል አልኩት። የባርኔጣውም፣ የሙሉ ድምፁም ነገር የለም፤ እኔ ነኝ የፈጠርኩት፣ ለጭብጨባ። ሂዱ ብዬ..." እዚህ ላይ ትንሽ ቆመ። ውሸቱ እስካሁን ያለ ችግር ሲፈስለት ነበር፤ የቀረችው ቃል ግን ውሸት አልመሰለችውም። ያን ቀን ወረቀቱን ይዞ ሲቆም ሊላት የሚገባ፣ በስብሰባ የሸሻት ቃል ናት። "አዘዝኳቸው። እኔ ነኝ ያዘዝኩት። ወታደር ነው፤ ሄደ።"

ጣቢታ ወዲያው አመነችው። የምርጫ ሰው በአደባባይ የተናገረው ውሸት ነው ሲባል የሚጠራጠር የለም። ቢሆንም ጠንቃቃ ሴት ናት፤ ወደ ቴትሎው ዞረች።

"አንተስ የት ነበርክ?"

"ቆጣሪው እኔ ነበርኩ፣ እመቤቴ።"

"እና?"

ቴትሎው ጄኔራሉን አየ። ቀጥሎ መስኮቱን አየ፤ የፖስታ ቤቱ ምድጃ፣ ደወሉና የሚሽከረከረው ወንበር አንድ ባንድ በዚያ በኩል ሲወጡ ሳይታዩት አልቀረም። ዳቦውን አስቀመጠ።

"እንዳሉት ነው" አለ። "ወንዙ ይበልጥ ነበር። እኔ ጫማ እያሰርኩ አልነበረም።"

ጣቢታ ተነሳች። ባርኔጣዎቹን ከግድግዳው አውርዳ የጄኔራሉን ጭኑ ላይ ጣለችለት።

"ውጣ" አለች። "ከቤቴ ውጣልኝ። እኔ ደግሞ ባሌን እንደዚያ አልኩት፣ ባንተ የተነሳ! ሆሴያ፣ ቀና በል። ቀና በል እንጂ የኔ ጌታ። ሰምተሃል፣ ልጁ እንደዚያ አላለም።"

ጄኔራሉ በሕይወቱ ብዙ ውሸት ተናግሯል፤ የምርጫ ድምፅ ያሳጣው ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። ነገ ጠዋት አውራጃው ሁሉ፣ ስትራውድ የወታደሮቹን ድምፅ ሰረቀ ብሎ እንደሚያወራ ያውቃል። ከጉብታው የተመለሱት ወታደሮች እውነቱን ቢያውቁም ለጣቢታ ፍሌክ ሄዶ የሚነግር እንደማይኖር ደግሞ አሳምሮ ያውቃል። ባስኮም ከነወገቡ ኮንግረስ ይገባል። ቴትሎው ጋሪው ላይ ወጥቶ ልጓሙን ያዘ፤ ጄኔራሉም ወጣ።

ሆሴያ ከኋላቸው መጥቶ የግቢውን በር ከፈተላቸው። የጋሪውን ጎማ ያዝ አድርጎ ቆመ።

"ክሊፍቲ ድምጿን ለባስኮም ነው የምትሰጠው" አለ።

"አውቃለሁ፣ አያ ሆሴያ።"

"ሌላ ማድረግ አልችልም። ትጠይቀኛለች።"

"ሌላ እንዳታደርግ።"

ሽማግሌው ወደ ቤቱ ዞር ብሎ አየ። በሩ ተዘግቷል። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ጄኔራል፣ ልጄ ያን ሐሳብ ሲያቀርብ... ከኋላ ላሉት ተሰምቷል? ብዙ ሰው ነበር፣ ሜዳ ላይ ነበር። ልጅ ሆኖ ድምፁ ይሰልል ነበር።"

ጄኔራሉ ምንም አላሰበም። "ተሰምቷል" አለ። "መጨረሻ ላይ የቆመው ሁሉ ሰምቶታል።"

"ቃሉንስ አልሳተም?"

"አንድም አልሳተም፣ አያ ሆሴያ።"

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ፤ ደጋግሞ ነቀነቀ። ከዚያ ጎማውን ለቀቀና በሩን ከኋላቸው ዘግቶ ወደ ሚስቱ ተመለሰ።